መቼ ልትጨርሰው ነው?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው። ድንጋይ መጥረብ የተማርኩት ከአባቴ ነው፣ እሳቸውም ከአባታቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጎን ባለች ትንሽ ቦታ የመቃብር ሐውልት እንሠራለን። የሟቹን ፊት ከፎቶ እያየሁ እቀርፃለሁ፤ ለሆቴልና ለግቢ በር አንበሳም እሠራለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ ‹ለመናገር ምን ቀረው!› ነው የሚለኝ። ባለፈው ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ከሐውልት የተረፈች ጥቁር ድንጋይ ይዤ ልጅ ያዘለች ሴት ጀመርኩ። ፊት አልሠራሁላትም። ልጁም ከጀርባዋ ጋር አንድ ጉብታ ሆኖ ቀረ። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። አባቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያልፉ ሲያገድሙ አይተው በመጨረሻ ‹መቼ ልትጨርሰው ነው?› አሉኝ። አልቋል ለማለት አፈርኩ። ባለቤቴም ‹ይሄንን ማን ይገዛልሃል?› ትላለች። አብስትራክት የሚሉት ይሄ ነው ወይስ ስንፍና ነው? ትምህርት ቤት ልግባ? የሐውልቱን ሥራ ልተው? ሁለት ፎቶ ልኬያለሁ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ጠራቢው ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።»

ወንድሜ፣

እንዳላጓጓህ ከፍርዱ ልጀምር። ከኋላ ባነሳኸው ፎቶ ላይ ያለችው ሴት አልቃለች። ከፊት ባነሳኸው ላይ ያለችው አላለቀችም። አንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ሴት ነው የላክህልኝ። አባትህ ሲያልፉ ሲያገድሙ የሚያዩዋት ከፊት በኩል ሳይሆን አይቀርም።

ኋላዋን እንየው። ልጁን ለብቻው አልቀረፅከውም። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ተነስቶ ወገቧ ላይ የሚያርፍ አንድ ጉብታ ነው። አንገቷ ወደፊት ሰገግ ብሏል፤ ሁለት እጆቿ ወደኋላ ዞረው ከጉብታው ሥር ገብተው ጠፍተዋል። ጣት የለም፣ አንቀልባ የለም። ግን ልጁ እንደተኛ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ከፎቶ አውቄያለሁ፤ ግራ ትከሻዋን ዝቅ አድርገኸዋልና። የተኛ ልጅ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ይጥላል፣ ክብደቱም አብሮት ይሄዳል፣ እናቲቱ ሳይታወቃት አብራው ትዘማለች። ይህ ከፎቶ የተቀዳ አይደለም፤ ቤትህ ውስጥ ያየኸው መሆን አለበት።

ወደ ፊቷ ስመጣ ግን ትንሽ ልቆጣህ ነው። «ፊት አልሠራሁላትም» ብለሃል። ሠርተሃል እኮ! ለዓይን የሚሆኑ ሁለት ጭረቶች አሉ፣ ለአፍንጫ ያሰብካት ትንሽ ጠርዝ አለች፤ ከዚያ ደንግጠህ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰህ ትተኸዋል። ይቅርታ የሚጠይቅ ፊት ነው። «ልሠራው አስቤ ነበር፣ ግን ተውኩት» የሚል። ተመልካች ይህችን ፍርሃት ወዲያው ያሸታታል። ብዙ ጊዜ ሰው «አላለቀም» ሲል «አልተወሰነም» ማለቱ ነው፤ ስም ስላጣለት ብቻ ነው የመጀመሪያውን ቃል የሚያነሳው። ስለዚህ አባትህ ግማሽ እውነት አላቸው። ግማሹን ተቀበላቸው።

ስንፍና ነው ወይ ላልከው፣ ስንፍናን እኔ አሳምሬ አውቃታለሁ፣ አብረን ነው ያደግነው። ወጣት ሳለሁ አብስትራክት የሚለውን ቃል (መልክን በዝርዝር የማይቀዳ ረቂቅ ሥራ ማለት ነው) ከሰማሁ ዓመት ሳይሞላኝ ከአምቦ ድንጋይ «ሐዘን» ያልኳትን ሴት ሠራሁ። አጎንብሳለች፣ ጭንቅላት የላትም፣ እግር የላትም፣ የነጠላ እጥፋት የሚመስል ነገር አላት። እውነቱን ልንገርህ፣ እግሯን የተውኩት እግር መሥራት ስለማልችል ነበር። በዚያ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ አጥር የሚገነቡ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። ምሳ ሰዓት ላይ በአንድ እጃቸው እንጀራቸውን እንደያዙ መጥተው ዞሯት፣ ባዶ እጃቸውን ወገቧ ላይ አሳረፉና «ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ምኗ ላይ ነው የተቀመጠችው?» አሉኝ። ስለ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ አብራራሁላቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። «እሺ» አሉ ስጨርስ፣ «ግን ትወድቃለች።» ድንጋይዋ አልወደቀችም፣ መሠረቷ ሰፊ ነበር። የወደቀችው ሴትዮዋ ነች። ክብደቷ የሚያርፍበት ቦታ አልሰጠኋትም ነበር፤ ምን እንደቀነስኩ ሳላውቅ ነበር የቀነስኩት። ዛሬ የጓሮ በራችን መርገጫ ነች፣ ለዚያ ሥራ ግን አትታማም።

አንተ የኔ ተቃራኒ ነህ። ዓይን ትችላለህ፣ ከንፈር ትችላለህ፣ የሽማግሌ ጉንጭ ትችላለህ። የምትችለውን ነገር መተው ከስንፍና ጋር አይገናኝም። የሩማንያውን ቀራፂ የብራንኩሺን ሥራ አይተህ ከሆነ፣ እንቁላል የመሰለ ጭንቅላት፣ አንድ ዓይነት የተወለወለ ነገር፣ «ይሄን ማን ያቅተዋል?» ብለህ ሊሆን ይችላል። ይኸው ሰው ቡካሬስት ተማሪ ሳለ ከአንድ የአናቶሚ ሐኪም ጋር ሆኖ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ሠርቷል፣ እያንዳንዱ ጡንቻ ቦታው ላይ ሆኖ። ሥራው ለሕክምና ተማሪዎች ማስተማሪያ እስከመሆን ደርሷል። እንቁላሏ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን «አብስትራክት የሚሉት ይሄ ነው?» ወደሚለው ጥያቄህ። መጽሐፍ ሳትገልጥ በእግርህ ልመልስልህ። አንድ እሑድ ጠዋት ለገሃር ሂድና የይሁዳ አንበሳ ፊት ቁም። ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ የሠራው፣ ለ1923 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የቆመው፣ ጣሊያን ሮም ወስዶት በኋላ የተመለሰው ነው። ዘውዱን፣ ጎፈሩን፣ የእግሩን ጡንቻ ቁጠር። ከዚያ ጥቂት ወደ ላይ ተራምደህ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ወዳለው የድንጋይ አንበሳ ሂድ። እሱ ደግሞ የሌላ ፈረንሳዊ፣ የሞሪስ ካልካ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ የንግሥና 25ኛ ዓመት ሲከበር የቆመ። ጡንቻ አትቆጥርበትም። ጎፈሩ አንድ በአንድ የተፈተለ ፀጉር አይደለም። በትላልቅ ጠርዞችና በጥላ ነው የቆመው። ነገር ግን ሕፃን ልጅ እንኳ «አንበሳ!» ብሎ ይጠቁመዋል እንጂ «ይሄ ምንድነው?» አይልም። የለገሃሩ አንበሳ እንዴት እንደሚመስል ይነግርሃል፤ የብሔራዊው እንዴት እንደሚከብድ። የአንተ ሴት ከሁለተኛው ወገን ነች። ስሙን ረቂቅ በለው፣ አብስትራክት በለው፣ ሰውነቱን ያልካደ ረቂቅ ነው። እኔ በስም አልጨቃጨቅም፤ ደንበኛ ከጠየቀህ ግን «ልጅ ያዘለች ሴት» በል፣ በቂ ነው።

ለሆቴል በር የምትሠራው አንበሳ የትኛውን እንደሚመስል አልጠየቅኩህም። አውቀዋለሁ።

ሌላም መሄድ ያለብህ ቦታ አለ፤ ጥያ። በቡታጅራ መንገድ ነው፣ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ጉዞ። 36 ድንጋዮች ናቸው፣ 32ቱ ላይ ቅርፅ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል። ሥራቸው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የመቃብር ሐውልት ናቸው። ከድንጋዮቹ በታች ያለው መሬት ሲቆፈር የሰው አፅም ተገኝቷል። የአንተው ሙያ ነው! ድንጋዩ ላይ ጎራዴ ታያለህ፣ ትርጉሙ እስከዛሬ ያልተፈታ ቅጠል መሳይ ምልክትም ታያለህ፤ ፊት ግን አትፈልግ። ጠራቢው ሰውየውን አልቀረፀውም፣ የቆመው ድንጋይ ራሱ ሰውየው ነው። ወደ ጌዴኦ ብትወርድ ደግሞ ቱቱ ፈላ ላይ በጥቂት ጭረት ሰው የሆኑ ድንጋዮች አሉ። እዚያ ጭረቷ አትፈራም፣ ይቅርታ አትጠይቅም። ያንተን ሁለት ጭረቶች ይዘህ ሄደህ አስተያያቸው።

አደራ ግን፣ ምልክቶቹን ቀድተህ እንዳትመለስ። የጥያ ጎራዴ የተለጠፈበት የመታሰቢያ ዕቃ በየሱቁ ሞልቷል። የምታየው ጠራቢው የት ላይ መሮውን እንዳስቀመጠ ነው።

የሐውልቱን ሥራ ልተው ወይ? በፍጹም አትተው። ይህን የምለው ስለ ዳቦ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ባለቤትህ ስለ ዳቦው ትክክል ብትሆንም። ብራንኩሺ ከእርሻ አገር የመጣ፣ በልጅነቱ በጎች የጠበቀ፣ እንጨት ሲቀርፅ ያደገ ሰው ነው። ፓሪስ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1907 በዘመኑ ትልቅ በተባለው ቀራፂ በሮዳን ቤት ሥራ ጀመረ፣ ግን ብዙም አልቆየ፤ ከትልቅ ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም ብሎ ወጣ ይባላል። በዚያው ዓመት እጁ ላይ የነበረው ሥራ ምን ነበር? የመቃብር ሐውልት! ሩማንያ ውስጥ ቡዘው በምትባል ከተማ ላረፈ ሰው ቤተሰቡ ያዘዘው። እሱም ሁለት ነገር ሠራ። አንደኛው ከደረት በላይ የሟቹ ምስል፣ ቤተሰቡ «እሱ ነው» የሚለው። ሁለተኛው የምታለቅስ ሴት መሆን ነበረባት፤ እሱ ግን ተንበርክካ ያቀረቀረች፣ ፊቷ ዝርዝር የሌለው፣ ቀጭን፣ ለቅሶዋ ጀርባዋ ላይ ያለ ሴት አደረጋት። «ጸሎት» ትባላለች። ሁለቱም ነሐስ ናቸው። አንድ ሥራ፣ አንድ ደንበኛ፤ ግማሹ የደንበኛው፣ ግማሹ የራሱ።

ይህችን ዘዴ ስረቃት። የሟቹን ፊት እንደ ለመድከው ሥራ፣ ሙሉ ዋጋህን ተቀበል። ከሥሩ ወይም ከጎኑ ለሚቆመው ነገር፣ አበባ ማስቀመጫ ወይም መልአክ የሚደረግበት ቦታ ላይ፣ የራስህን ሐሳብ በትንሽ ድንጋይ ሠርተህ አሳያቸው። እሺ ካሉ እሺ፣ ካላሉ መልአኩን ሥራላቸው። ሳታስፈቅድ ግን አንድም ነገር እንዳትሞክር። ሐዘንተኛ መለማመጃ አይደለም።

ከ«ጸሎት» ቀጥሎ «መሳም» መጣች፤ እ.ኤ.አ. በ1907 እና 1908 መካከል። ጭቃ ላይ ሳይሞክር በቀጥታ ድንጋይ ላይ የጠረባት ነች። አንተ በየቀኑ የምታደርገውን ማለት ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ግን በዚያ ዘመን ቀራፂ ጭቃውን ይሠራል፣ ድንጋዩን የሚጠርበው ሌላ ሰው ነበር። ሁለት ሰዎች ተቃቅፈዋል፣ ድንጋዩ ግን አሁንም አራት ማዕዘን ነው። የሁለቱ ዓይኖች ተገናኝተው ከጎን ሲታዩ አንድ ዓይን ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ1909 የሠራት ሌላዋ «መሳም» ዛሬም ፓሪስ ሞንፓርናስ መካነ መቃብር ውስጥ፣ የአንዲት ወጣት መቃብር ላይ ቆማለች። ከዚያ ይህንኑ ነገር ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ሠራው፤ በየጊዜው አንድ ነገር እየቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1938 ሩማንያ ውስጥ ቱርጉ ዢው በምትባል ከተማ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች መታሰቢያ የድንጋይ በር ሲያቆም፣ ከሁለቱ ሰዎች ምሰሶዎቹ ላይ የቀረው ለሁለት የተከፈለ ክብ ብቻ ነው። ያቺ የጋራ ዓይናቸው። ከተቃቀፈ ሰው እስከ ክቡ ድረስ 30 ዓመት። አንተ አንድ ክረምት ነው የሠራኸው፣ አትቸኩል።

ስለዚህ ልጅ ያዘለችዋን ሴት እንደገና ሥራት። ሌላ ርዕስ አትፈልግ። ከሐውልት የሚተርፉ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ቁርጥራጮች አሉህ፤ በነሱ አምስት ስድስት ጊዜ ሥራት። ነገር ግን እሷን ከፎቶ እንዳትሠራት። ፎቶ የሞተን ሰው ፊት ለመመለስ ደግ ነው፣ ድንጋይ ግን ዙሪያ አለው። የፊተኛው ወገኗ የደከመው ለዚህ ይመስለኛል፤ እጅህ ፊትን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያውቀው። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደህ፣ ከሰል ይዘህ፣ ታክሲ ሰልፍ አጠገብ ቁጭ በል። ልጅ ያዘሉ ሴቶችን ከጎናቸው፣ ከኋላቸው ሣል፣ ለአንዷ ግማሽ ደቂቃ ብቻ እየሰጠህ። በግማሽ ደቂቃ ዓይንና አፍንጫ አይደረስም። የሚደረሰው ዝማሜዋ ላይ ነው። ማታ ደግሞ የቤቱን መብራት አጥፍተህ በስልክህ መብራት ድንጋይዋን ከጎን እያበራህ ዙራት። ጥላው የሚያልቅበት መስመር ጥርት ካለ ወስነሃል፤ ከደበዘዘ አልወሰንክም።

አንድ ስህተትህ ላይ ልመለስ፤ ሁሉንም ቦታ እኩል አለስልሰሃል። ጥቁር ድንጋይ እንዴት እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። በመሮ ስትወቅረው አመድማ ይሆናል፣ ስትወለውለው ይጠቁራል። ከአንድ ድንጋይ ሁለት ቀለም ተሰጥቶህ አንዱን ጥለኸዋል! የዚምባብዌ ቀራፂዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1966 እንደተመሠረተው እንደ ቴንጌኔንጌ ባሉ መንደሮች የሚሠሩት፣ ይህን ከነፍሳቸው ያውቁታል። የድንጋዩን ሻካራ ቅርፊት ከፊሉን እንዳለ ይተዉታል፣ ከፊሉን በእሳት አሙቀው ሰም ቀብተው እንደ መስታወት ያበሩታል። አንተም እናቲቱን የመሮው ነጠብጣብ እንዳለባት ተዋት፣ ልጁን ብቻ ወልውለው። ምናልባት ያኔ ፊቷ ምን እንደሚፈልግ ራሷ ትነግርሃለች። የኔ ግምት ጭረቶቹን ጠርበህ አውጥተህ አንድ ያቀረቀረ ሜዳ ማድረግ ነው፣ ግን ድንጋዩ እጅህ ላይ ነው ያለው።

ትምህርት ቤት? ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቅርፃ ቅርፅ ያስተምራል፣ ብዙ ጎበዞችንም አውጥቷል። ከገባህ አትጎዳም። መሮ አያያዝ ግን ከዚያ አትጠብቅ፣ አንተ ልታስተምራቸው ትችላለህ። አንተ የጎደለህ የሙያ ጓደኛ ነው፣ «ፊቷ አልተወሰነም» የሚልህ። መጀመሪያ የተመራቂዎቹ ዐውደ ርዕይ ሲከፈት ሂድ፣ ድንጋይ የሠራ ልጅ ፈልግና ሻይ ጋብዘው። ፈቃድ ለማግኘት ብለህ ግን አትግባ። ማንም አይሰጥህም፣ ማንም አልከለከለህም።

ስለ ጤናህ አንድ ነገር፣ አልጠየቅከኝም ግን ፎቶው ላይ ከኋላህ ግራይንደሩንና ነጩን አቧራ አየሁት። በተለይ የአምቦ ድንጋይ ስትቆርጥ ተጠንቀቅ፤ አሸዋ ድንጋይ ስለሆነ አቧራው ሳንባ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፣ ያ ጠባሳ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ውኃ እያፈሰስክ ቁረጥ። ሻርፕ መጠምጠም ማስክ አይሆንም፣ ደህና ማስክ ግዛ። ለአባትህም።

ባለቤትህን «ማንም አይገዛውም፣ ገና ስለማልሸጠው» በላት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አትሽጥ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለይተህ ለዚህ ስጠው፣ የቀረው የሐውልቱ ይሁን፤ እሷም ቀኑን ትወቀው። ደግሞም «ልጁ የት አለ?» ብላ እንዳልጠየቀች ልብ በል። ማን ይገዛዋል ነው ያለችው። ልጁን አይታዋለች ማለት ነው።

ለአባትህ ስለ ብራንኩሺ አትንገራቸው። የኔን ስህተት አትድገም። ፊቷን ስትወስን ድንጋይዋን አዙረህ ጀርባዋን ወደ መተላለፊያው አድርግ፣ ምንም አትበል። ቆም ካሉ፣ ሲቆሙ ፎቶ አንሳና ላክልኝ። የድንጋይዋን ቁመት አልጻፍክልኝምና እሳቸው አጠገቧ ካሉ ልኬቷንም አውቀዋለሁ።